ገንዘቡ የት ደረሰ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ባለፈው ዓመት በአባቴ ቤት ካርታ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ተመላልሻለሁ። "ፋይሉ ጠፍቷል" ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ጠጋ ብሎ "ትንሽ የሻይ ጣል አድርግ እንጂ" አለኝ። አላደረግኩም። አጠገቤ የቆሙት እናት ግን የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈትተው ሰጡ። የእሳቸውም ፋይል ጠፍቶ ነበር። ወዲያው ከጸሐፊው ክርን ሥር፣ ከመሳቢያው ወጣ። ደረሰኝ የለ፣ መዝገብ የለ። እኛ ኦዲተሮች ያቺን ብር በየትኛው ሂሳብ ውስጥ እናገኛታለን?

ሙስና ሲለካ ሁሉም የሚጠቅሰው ሙስናን የሚታገለውን ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናልን ዓመታዊ ደረጃ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1995 ጀምሮ ይወጣል። ዛሬ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ 100 ንጹሕ ማለት ነው። በ2024 ኢትዮጵያ 37 አግኝታለች። ቁጥሩን አልንቀውም። ግን የባለሙያዎችና የነጋዴዎች ግምት ነው። የእኚያ እናት መቀነት እዚያ ውስጥ የለም።

እኔን የሚያስቀናኝ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው። ቤንጃሚን ኦልከን የተባለ የኢኮኖሚ ባለሙያ ከ600 በላይ መንደሮች ውስጥ የመንገድ ሥራ አስጠና። መሐንዲሶች የተሠራውን መንገድ ቆፈሩት። ምን ያህል ድንጋይ፣ ምን ያህል አሸዋና ጠጠር እንደገባበት ለኩ። ዋጋውን እዚያው አካባቢ ካሉ ሻጮች ጠየቁ። ከዚያ ወጪ ሆነ ከተባለው ጋር አስተያዩት። የጎደለው ታወቀ። ደግሞ ኦዲት መምጣቱ እንደማይቀር አስቀድሞ በተነገራቸው መንደሮች፣ የጠፋው ገንዘብ በ8 መቶኛ ነጥብ ገደማ ቀነሰ። ለሙያችን ይሄ ትልቅ ነገር ነው!

ብዙዎቻችን ወረቀት ከወረቀት ጋር ከተስማማ እንፈርማለን። እኔም ፈርሜያለሁ። መንገዱን ሄጄ ያላየሁበት ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል።

ኡጋንዳም እንዲሁ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከተላከው ድጎማ በአማካይ የደረሳቸው 13 በመቶ ብቻ ነበር። ይሄ የታወቀው 250 ትምህርት ቤቶች ድረስ ተሄዶ ስለተጠየቀ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እያንዳንዳችን በምንኖርበት ወረዳ አንድ ትምህርት ቤት እንያዝ። ርዕሰ መምህሩን "የትምህርት ቤቱ ድጎማ፣ ስኩል ግራንት የሚባለው፣ ስንት ደረሳችሁ? መቼ?" እንበላቸው። መልሱን ከወረዳው ፋይናንስ ሰነድ ጋር እናስተያየው። ቅጹ ከምሳ በኋላ ይታደላል።

ጉባኤው ተከፍቷል።