የምንጥለው የእንጉዳይ እግር

ክቡራትና ክቡራን የእንጉዳይ አምራቾች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የመጣሁት ስለ እግሩ ልነግራችሁ ነው። ባርኔጣው ይሸጣል። ጠንካራውን እግር ግን ገዢ ስለማይፈልገው ቆርጠን እንጥለዋለን። እዚያ ውስጥ ፕሮቲን አለ።

ችግሩ ፕሮቲኑ ታጥሮ መቀመጡ ነው። የእንጉዳይ ሕዋስ ግድግዳ የተሠራው ከቤታ ግሉካንና ከካይቲን፣ ማለትም ከሁለት ጠንካራ የአሰር ዓይነቶች ነው። ካይቲን የአንበጣ ቅርፊት ውስጥም አለ። ሆዳችን በቀላሉ አይፈጨውም። ከፕሮቲኑም ከፊሉ ሳንጠቀምበት ያልፋል።

ኢንዛይም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቃሉ አያስደንግጣችሁ፤ ምግብን ወደ ትናንሽ ክፍሎች የሚሰባብር ተፈጥሯዊ ነገር ነው። ጠላ የጠመቀ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብቅል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው በኢንዛይም ነው። እኛ የምንፈልገው ፕሮቲን የሚቆርጠውን ነው። አንዱ ፓፔይን ይባላል፤ የሚገኘው ካልበሰለ ፓፓያ ከሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እግሩ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል። በቅድሚያ ግድግዳውን የሚያፈርስ ኢንዛይም ይገባል፤ ከዚያ ፓፔይኑ። ሙቀቱ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይያዛል። ሲበቃ በከፍተኛ ሙቀት ሥራው እንዲቆም ይደረጋል። ከዚያ ተጣርቶ ይደርቅና ዱቄት ይሆናል።

አንድ ጣጣ አለው፤ ሊመር ይችላል። ፕሮቲን ሲቆራረጥ ከሚወጡት ፔፕታይዶች አንዳንዶቹ መራራ ናቸው። መፍትሔው ሌላ ኢንዛይም መጨመር ነው፤ ሶያ ሶስ ከሚሠራበት ሻጋታ የሚገኝ፣ የፔፕታይዱን ጫፍ ጫፍ እየቆረጠ ምሬቱን የሚቀንስ።

እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ግን ጣዕሙ ነው። ፕሮቲኑ ሲፈታ ግሉታሜት የተባለ፣ ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም ሰጪ ይለቀቃል። ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት በፈረንጆቹ 1908 ከባሕር አረም ያወጣው ጣዕም ይኸው ነው። እንጉዳይ ደግሞ ጓኒሌት የተባለ ሌላ ጣዕም ሰጪ አለው። ሁለቱ ሲገናኙ ጣዕሙ እጥፍ ድርብ ይሆናል። የጾም ሽሮና ምስር ላይ ጠብ ስታደርጉት አስቡት! እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሸጠው ይህን ማጣፈጫ ነው እንጂ የፕሮቲን ዱቄት አይደለም።

ለምን? በፕሮቲን ቁጥር መዋሸት ቀላል ስለሆነ። ላቦራቶሪ የሚለካው ናይትሮጅንን ነው፤ ከዚያ ፕሮቲኑን ለመገመት በ6.25 ያባዛል። ካይቲንም ፕሮቲን ሳይሆን ናይትሮጅን ስላለው ለእንጉዳይ የተለመደው ማባዣ 4.38 ነው። በመጀመሪያው 30 ግራም የተባለው በሁለተኛው 21 ግራም ይሆናል። ማሸጊያችሁ ላይ 21 ጻፉ። «ሥጋን ይተካል» የሚለውንም ተዉት። ይልቅ እንጉዳይ ላይሲን የተባለ የፕሮቲን መገንቢያ አለው፤ ላይሲን ደግሞ ጤፍና በቆሎ የሚያንሳቸው ነገር ነው። ይህን በኩራት ተናገሩ።

አደራ፣ ከጫካ የተለቀመ እንዳይቀላቀል። የገዳዩ እንጉዳይ መርዝ፣ አማኒቲን፣ በማብሰል አይጠፋም፤ የሆዳችን ኢንዛይምም አይበግረውም። ፓፔይን ያጸዳዋል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትስሙት።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።