ከምድር ቤት የሚወጣው ጭስ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ እዚሁ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ፣ የሕንጻ ሱፐር፣ ማለትም ሕንጻ ጠባቂና ጠጋኝ ሆኜ ስሠራ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ከእግራችን ስር፣ ምድር ቤት ውስጥ ዘይት እያነደደ ሕንጻውን ስለሚያሞቀው ቦይለር ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ሕንጻ ባለ ስድስት ፎቅ ነበር። የሚነደው የማሞቂያ ዘይት «ቁጥር 6» ይባላል። አገር ቤት ከባድ ጥቁር ናፍጣ የምንለው ዓይነት ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ቤንዚኑም ናፍጣውም ከወጣለት በኋላ ታች የሚቀረው አተላ ነው። ሲበርደው እንደ ሬንጅ ይወፍራል። ፓምፑ እንዲገፋው አስቀድሞ መሞቅ አለበት። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ቦይለሩ ሲነሳ፣ ከጣሪያው ጥቁር ጭስ ቡልቅ ይላል።

አንድ የገና ዋዜማ ባለቤቴ ነጠላዋን አጥባ መስኮቱ አጠገብ ሰቀለችው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ራዲያተሩ፣ ያ የቦይለሩ ሙቀት የሚመጣበት ብረት፣ ቤቱን እንደ ምጣድ ስለሚያግለው፣ ውጭ በረዶ እየጣለ መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛው። ጠዋት ስናይ ነጠላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። በእጇ ላራግፈው ስትል ይባስ ተለቀለቀ። ጥቀርሻ ነው። ያን ጥቀርሻ የላከው እኔው ራሴ በማለዳ ወርጄ ያስነሳሁት ቦይለር ነው። ከመስኮቱ ስር ደግሞ የልጃችን አልጋ ነበር። ይህን እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ያኔ ሁላችንም ጭሱን የመኪና ነው የምንለው። በታኅሣሥ 2008 ግን (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ከተማው 150 በሚሆኑ ቦታዎች የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ የአየር መለኪያ መስቀል ጀመረ። ውጤቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ቁጥር 6 እና ከእሱ ቀጠን ያለውን ቁጥር 4 ዘይት የሚያነዱ ሕንጻዎች በተሰበሰቡበት ሰፈር አየሩ ከሌላው የባሰ ነበር። እነዚህ ሕንጻዎች 10,000 ገደማ ናቸው፤ ከከተማው ሕንጻ ከመቶ አንዱ ማለት ነው። የሚያወጡት ጥቀርሻ ግን የኒው ዮርክ መኪናና የጭነት መኪና ሁሉ ተደምሮ ከሚያወጣው ይበልጥ ነበር። የድሃ ሰፈር ጉዳይ ብቻም አልነበረም። ማንሃተን ውስጥ ሀብታሞች የሚኖሩበት አፐር ኢስት ሳይድም በእነዚህ ሕንጻዎች የተሞላ ነበር።

በ2011 በከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ዘመን ደንብ ወጣ። ቁጥር 6 እስከ 2015 ድረስ እንዲቀር ተወሰነ፤ ቀረም። ሕንጻዎቹ አልፈረሱም፣ ማንም ሰው በብርድ አላደረም። የሚነደው ነገር ብቻ ተቀየረ። እናቶቻችን ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሲዞሩ ያየነው ነው። እንጀራው ያው እንጀራ ነው፤ ዓይን ግን ማልቀሱን ተወ።

እንዲህ ያለ ዘይት ሲነድ የሚወጣውና አየሩ ውስጥ የነበረው የሰልፈር ጋዝ መለካት ከተጀመረበት ጊዜ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ የዚያ ደንብ ሥራ ብቻ አይደለም። ቀለል ባለው በቁጥር 2 ዘይት ላይ የኒው ዮርክ ግዛት በ2012 ሰልፈሩን አስቀንሷል። ርቀው ያሉ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችም ከሰል ማንደድ ቀንሰዋል። በክረምት አየራችን ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን የምድር ቤቱ ዘይት መቀየር ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ አላለቀም። ብዙ ባለንብረቶች ከቁጥር 6 የዞሩት ወደ ቁጥር 4 ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። ቁጥር 4 ማለት ያው ቁጥር 6 በቁጥር 2 ቀጥኖ ነው። መጀመሪያ እስከ 2030 ተፈቅዶለት ነበር። በ2023 የወጣው ሕግ ግን ቀኑን ወደ ሐምሌ 1 ቀን 2027 አምጥቶታል። የተፈጥሮ ጋዝ ከሁለቱም እጅግ ይሻላል፤ ሆኖም እሱም ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። የተሻለው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማሞቂያ ነው፤ የሕንጻው ጭስ ማውጫ ያኔ ሥራ ይፈታል።

እኛ ሰፈር ኢንሄለር፣ ያን የአስም መድኃኒት መንፊያ፣ በቦርሳው ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ የሌለበት ቤት ስንት ነው? እባካችሁ ሱፐራችሁን ጠይቁት፦ «ቦይለሩ የሚያነደው ምንድን ነው?» በሉት። ነውር የለውም፤ እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ቤት ተከራይ ብትሆኑም መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ነገ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ለሥራ ስትወጡ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ጥቁር ጭስ ካያችሁ ሰዓቱንና የሕንጻውን አድራሻ ጻፉና ወደ ከተማው የአቤቱታ ስልክ፣ 311 ደውሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። መደወል የሚከብዳችሁ ካላችሁ፣ አሁን ሻይ ሲቀርብ እዚህ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። አድራሻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንደውላለን።