የሠፈሩ ዓሣ ጠባሽ ቤት፦ ብሪታንያውያን የሚናፍቁት ምንድን ነው?

ሂሩት፦ ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አድማጮቻችን። የዛሬው ውይይታችን በብሪታንያ ከተሞችና መንደሮች እየተዘጉ ስላሉት፣ የአገሬው ሰው «ቺፒ» እያለ በፍቅር ስለሚጠራቸው የዓሣና የድንች ጥብስ ቤቶች ነው። እኔ ሊድስ፣ ዳንኤል ደግሞ ለንደን ስለምንኖር ሁለታችንም በየሠፈራችን ያየነውን እንጨምርበታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳንኤል፦ ጤና ይስጥልኝ። ገና ከጅምሩ አቋሜን ልናገርና አንቺ ሞግቺኝ። ስለዚህ ምግብ በናፍቆት የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ድሮ ይጠቀለልበት የነበረውን ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው የቀረው የማተሚያው ቀለም ከምግብ ጋር መነካካቱ ለጤና አይበጅም ተብሎ ስለሆነ፣ በመቅረቱ የተጎዳ ሰው ያለ አይመስለኝም። በእኔ እምነት ትልቁ የጠፋው ነገር አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ስለ ዋጋው ሳይጨነቅ ቤተሰቡን በሙሉ ሊያበላበት የሚችል፣ ከደጁ በእግር የሚደርስበት ምግብ ቤት ነው።

ሂሩት፦ በዋናው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሽታውንና ሙቀቱን ከቁም ነገሩ ለይቼ አላየውም። ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ የነበረውን፣ አሁን ግን የተዘጋውን ሱቅ ልግለጽልህ። በክረምት ምሽት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የሚቀበልህ እንፋሎቱ ነበር። ከባንኮኒው በስተኋላ ፊቱ በማይዝግ ብረት የተለበጠ ረጅም መጥበሻ ነበር፤ ከበላዩ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ደግሞ ተጠብሶ የወጣው ዓሣ ቅባቱን እያንጠፈጠፈ ይቆያል። ጠባሿ ዓሣውን በጅራቱ በኩል ይዛ ሊጡ ውስጥ ከነከረችው በኋላ ወዲያው አትለቀውም ነበር። ግማሹን ወደ ፈላው ቅባት አስገብታ ወዲህና ወዲያ ታወዛውዘውና፣ ሊጡ መነፋት ሲጀምር ቀስ ብላ ከራሷ አርቃ ትለቀዋለች፤ እንዲህ ካልተደረገ ዓሣው ሰጥሞ ከሥር ይጣበቃል። ድንቹን ወረቀት ላይ ዘርግፋ ጨውና ኮምጣጤ እንዲጨመርበት ትፈልግ እንደሆነ ስትጠይቅህ፣ ከኋላህ የተሰለፉት ጎረቤቶች ማን እንደታመመ፣ ማን ጡረታ እንደወጣ፣ የማን ልጅ ሥራ እንዳገኘ ይጨዋወታሉ። ከሌላ አገር መጥቶ ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሳይወድ በግድ ይተዋወቅ ነበር። እኔም ከሠፈሬ ሰዎች ጋር የተላመድኩት በአብዛኛው እዚያ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ ነው።

ዳንኤል፦ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ስትዪ የምግቡ ታሪክ ራሱ ትዝ አለኝ። ዓሣን በዱቄት ለውሶ በዘይት የመጥበሱን ልማድ ወደ እንግሊዝ ያመጡት ከስፔንና ከፖርቱጋል በስደት የወጡ ሴፋርዲ አይሁድ እንደሆኑ በሰፊው ይታመናል። በሰንበት ምግብ ማብሰል ስለማይፈቀድ ዓርብ ዕለት የተጠበሰውን ዓሣ ቅዳሜ ቀዝቃዛውን ይበሉት ነበር። የተጠበሰውን ዓሣ ከድንች ጋር አንድ ላይ መሸጥ የጀመረው ማን ነው የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። የለንደን ሰዎች በ1860 ገደማ በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ሱቅ የከፈተውን አይሁዳዊ ስደተኛ ጆሴፍ ማሊንን ይጠራሉ፤ የሰሜን ሰዎች ደግሞ በ1863 ገደማ ማንቸስተር አቅራቢያ በምትገኘው በሞስሊ ገበያ ከእንጨት በተሠራች ጎጆ ይሸጥ የነበረውን ጆን ሊስን ያነሣሉ።

ሂሩት፦ ማንም ይጀምረው ማን፣ ያስፋፋው የእንፋሎት ኃይል ነው። በእንፋሎት የሚሠሩ ዓሣ አስጋሪ መርከቦች ራቅ ካለ ባሕር ብዙ ዓሣ ያመጡ ጀመር፤ ባቡሩ ደግሞ ከግሪምስቢና ከኸል ወደቦች ተቀብሎ ባሕር አይተው ወደማያውቁ የኢንዱስትሪ ከተሞች በርካሽ አደረሰው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች እናትም አባትም ሲሠሩ ውለው ስለሚገቡ፣ ራት አብስሎ የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም፤ ያንን ክፍተት የሞላው ይህ ሱቅ ነው። ጠባሾቹ በ1913 ብሔራዊ ፌዴሬሽናቸውን መሠረቱ፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ የሱቆቹ ቁጥር 35,000 ያህል ደርሶ ነበር። ዛሬ የቀሩት 10,000 ገደማ ናቸው።

ዳንኤል፦ ሱቆቹን ያቆሙትም በአብዛኛው ስደተኞች ናቸው። በስኮትላንድና በአየርላንድ ጣሊያኖች፣ በለንደን የቆጵሮስ ግሪኮች፣ በኋላም በብዙ ከተሞች ቻይናውያን ቤተሰቦች ሥራውን ተረክበው አቆይተውታል። ስለዚህ ይህን ምግብ ባዕድ ያልነካው የጥንት እንግሊዛዊነት ምልክት አድርገው ሲያነሡት የምሰማቸው ሰዎች የገዛ ታሪካቸውን ግማሽ የሚቆርጡ ይመስለኛል። ናፍቆቱ ሙሉ እንዲሆን ጆሴፍ ማሊንም ጣሊያኖቹም በውስጡ መኖር አለባቸው።

ሂሩት፦ ልክ ነህ። መንግሥትም ቢሆን የምግቡን ዋጋ ያውቅ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥጋ፣ ቅቤና ስኳር በራሽን ሲታደሉ ዓሣና ድንች ከራሽን ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ። ዓሣው ግን እንደ ልብ ይገኝ ነበር ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ መርከቦች ለባሕር ኃይል አገልግሎት ተወስደው ስለነበር፣ ዓሣ ገባ የሚል ወሬ ሲሰማ ሰው እየሮጠ ይሰለፍ ነበር።

ዳንኤል፦ አሁን ወደ ቅባቱ እንምጣ፤ እናንተ ሊድስ ያለችበት የዮርክሽር ሰዎች የምትኮሩበት እሱ ነውና።

ሂሩት፦ ለአድማጮቻችን በተለይ ላስረዳው የምፈልገው ጉዳይ ነው። በደቡብ እንግሊዝ አብዛኞቹ ሱቆች በአትክልት ዘይት ይጠብሳሉ፤ በዮርክሽርና በአንዳንድ የሰሜን አካባቢዎች ግን ባህላዊው የመጥበሻ ቅባት የተጣራ የበሬ ስብ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ነጭ ሳሙና የሚረጋ ስብ ስለሆነ በጥፍጥፉ መጥቶ መጥበሻው ውስጥ ይቀልጣል። ሊጡን ጥርት ያለ ጥብስ ያደርገዋል፤ ለድንቹም ዘይት የማይሰጠው ጠለቅ ያለ ጣዕም ይሰጠዋል። ከሰሜን ተወልደው ወደ ደቡብ የሄዱ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚናፍቁት ይህን ጣዕም ነው። በአንጻሩ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ «ድንች ብቻ ስለሆነ የጾም ነው» ብሎ ከገዛ ሳያውቀው የከብት ስብ ይበላል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለየራሳችሁና ለንስሐ አባቶቻችሁ ልተወው፤ ድንቹ በምን እንደተጠበሰ ግን በባንኮኒው በኩል መጠየቅ ይገባል። ጠባሾቹም ጥያቄውን ስለለመዱት በደስታ ይመልሳሉ፤ ሙስሊም ወገኖቻችንና የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበሉ ሰዎችም ይጠይቃሉና።

ዳንኤል፦ ለንደን ውስጥ ይህ ጥያቄ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ደግሞ በናፍቆቱ ወሬ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ላንሣ፤ ርካሹን ዓሣ ያመጡት ሰዎች በሕይወታቸው ይከፍሉ ነበር። በ1968 ጥርና የካቲት ውስጥ ከኸል ወደብ የወጡ ሦስት ዓሣ አስጋሪ መርከቦች በሳምንታት ልዩነት ሰጥመው 58 ሰዎች አለቁ። ከሦስተኛዋ መርከብ ከሮስ ክሊቭላንድ የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ መርከቦች የሬዲዮ ሠራተኛ ሳይዙ የሚወጡበት አጋጣሚ ነበር። በዓሣ ማዘጋጃ ትሠራ የነበረችው ሊሊያን ቢሎካ የኸል ሴቶችን አስተባብራ 10,000 ያህል ፊርማ አሰባሰበች፤ ወደብ ወርዳ የሬዲዮ ሠራተኛ የሌለው መርከብ እንዳይነሣ ታገለች፤ ለንደን ሄዳም ከሚኒስትሮች ጋር ተነጋገረች። የጠየቁት የደኅንነት እርምጃ ተፈቀደላቸው። እሷ ግን ከሥራዋ ተባረረች፤ በዓሣው ኢንዱስትሪ ውስጥም ዳግመኛ የሚቀጥራት አጣች።

ሂሩት፦ የኸል ሰዎች ዛሬም በአክብሮት ያነሷታል። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የመርከቦቹ ዘመን ራሱ አከተመ። አይስላንድ ከ1958 ጀምሮ የዓሣ ማስገሪያ ክልሏን ደረጃ በደረጃ እያሰፋች ሄዳ በ1975 ወደ 200 የባሕር ማይል አደረሰችው። ኮድ በሚባለው ዓሣ ስም «የኮድ ጦርነት» በተባለው ፍጥጫ የሁለቱ አገሮች መርከቦች ባሕር ላይ እስከ መጋጨት ደረሱ፤ በ1976 ብሪታንያ ክልሉን ተቀበለች። አይስላንድ ኑሮዋ በዓሣ ላይ የተመሠረተ ትንሽ አገር ስለነበረች አልፈርድባትም፤ ነገር ግን ኸልና ግሪምስቢ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ሆነው አያውቁም። ዛሬ በእንግሊዝ ሱቅ የሚጠበሰው ኮድና ሃዶክ የሚባለው ዓሣ በአብዛኛው ከኖርዌይ፣ ከአይስላንድና ከኖርዌይና ከሩሲያ በስተሰሜን ካለው ከባረንትስ ባሕር የሚመጣ ነው።

ዳንኤል፦ የዛሬው የዋጋ ችግር ሥሩ እዚያ ነው ማለት ነው። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የሱፍ ዘይት ዋጋ ናረ፤ የጋዝና የመብራት ክፍያ ጨመረ፤ በዚያው ዓመት ብሪታንያ ኮድንና ሃዶክን በመሰለ የሩሲያ ነጭ ዓሣ ላይ 35 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። በ2025 ደግሞ በባረንትስ ባሕር እንዲጠመድ የተፈቀደው የኮድ መጠን በ25 በመቶ ተቀንሶ 340,000 ቶን ሆነ። አንድ ሱቅ ዓሣው፣ ዘይቱና ጋዙ ባንድ ጊዜ ሲወደዱበት ወይ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ ይዘጋል። ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ለሠራተኛው ቤተሰብ የየሳምንቱ ራት መሆኑ ይቀርና በበዓል ቀን የሚበላ ምግብ ይሆናል።

ሂሩት፦ እኔን የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው። ምግቡ ከብሪታንያ አይጠፋም፤ በቱሪስት ከተሞች በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የቢሚሽ ሙዚየም ውስጥ ከ2011 ጀምሮ በድንጋይ ከሰል የሚነድ መጥበሻ ያለው ሱቅ አለ፤ ስሙም በ2007 ከተዘጋው፣ በታይን ወንዝ አካባቢ በከሰል ከሚሠሩት የመጨረሻ ከነበረው ሱቅ የተወሰደ ነው። በበሬ ስብ የተጠበሰውን ለመብላት ጎብኚዎች ረጅም ሰልፍ ይይዛሉ። ሙያው ለልጅ ልጅ እንዲታይ መጠበቁ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም እዚያ ለመብላት መጀመሪያ የሙዚየም መግቢያ ትኬት መግዛት ያስፈልጋል።

ዳንኤል፦ ታዲያ የሠፈሩን ሱቅ ለማቆየት ምን መደረግ አለበት ትያለሽ?

ሂሩት፦ በግብሩ እጀምራለሁ። ጥሬ ዓሣና ጥሬ ድንች ከሱቅ ስትገዛ የተጨማሪ እሴት ታክስ አትከፍልም፤ ጠባሿ ጠብሳ ትኩሱን ስትሸጥልህ ግን 20 በመቶ ይጨመርበታል። ትኩስ ተጠቅልሎ በሚሸጥ ምግብ ላይ ይህ ታክስ የተጣለው በ1984 ነው። የጠባሾቹ ፌዴሬሽን እንዲቀነስ በተደጋጋሚ ጠይቋል፤ እኔም ጥያቄያቸውን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ።

ዳንኤል፦ እኔም እደግፋለሁ፤ የሚያሳስበኝ ቅናሹ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ትላልቅ ድርጅቶች በዚያው ዋጋ እየሸጡ ልዩነቱን ወደ ኪሳቸው ሊያስገቡት ይችላሉ። ባልና ሚስት ለሚያስተዳድሯት፣ ከጠዋት ጀምራ ድንች ለምትልጥ ሱቅ ግን ያ 20 በመቶ በመዝጋትና በመቆየት መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ስለሚችል፣ ቅናሹ በሱቁ ዓመታዊ ሽያጭ መጠን ተለይቶ ለትንንሾቹ ብቻ ቢሰጥ እመርጣለሁ።