ኮምፒውተሩና ማዳመጫው የሚገናኙበት ቦታ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱ ለሥራም ለመዝናኛም የሚሆን ኮምፒውተርና የጆሮ ማዳመጫ መምረጥ ነው። ብዙ ጊዜ ወሬው ከፕሮሰሰር ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ሁለቱ ዕቃዎች ከሚገናኙበት ቦታ ልጀምር፤ ሰው የሚማረረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነውና።

አንድ ሰው ደህና ላፕቶፕ ገዛ እንበል። ደህና የብሉቱዝ ማዳመጫም ገዛ። ሙዚቃ ሲከፍት ድምፁ ግሩም ነው። ከዚያ የኦንላይን ስብሰባ ውስጥ ሲገባ ያ ማዳመጫ በአንድ አፍታ የድሮ የቤት ስልክ ይሆንበታል። ሰዎቹ አፋቸውን ይዘው የሚያወሩ ይመስለዋል፤ እነሱም በተራቸው «ድምፅህ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚመጣው» ይሉታል። ማዳመጫው ተበላሽቷል ብሎ የሚመልስ አለ። ኮምፒውተሩን ፎርማት የሚያደርግም አለ። የተበላሸ ነገር ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው ብሉቱዝ ማዳመጫና ኮምፒውተር የሚነጋገሩባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ኤ2ዲፒ ይባላል፤ ሙዚቃ የሚያልፈው በእሱ ነው። ስቴሪዮ ነው፣ ጥራትም አለው፤ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ከኮምፒውተር ወደ ጆሮ። ሁለተኛው ኤችኤፍፒ ነው፤ ለስልክ ጥሪ የተሠራ። ድምፅ ይወስዳል፣ ድምፅም ይመልሳል፤ ማይኩ የሚሠራውም በእሱ ነው። ሁለት አቅጣጫ ለመሆን ግን ጥራቱን ይሰዋል። ስቴሪዮው ሞኖ ይሆናል። በሲዲ ላይ ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ በኤችኤፍፒ 16,000 ጊዜ፣ በአሮጌዎቹ ደግሞ 8,000 ጊዜ ብቻ። 8,000 ሲሆን ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ በሙሉ ይቀራል። የ«ሰ» ፉጨት በአብዛኛው ያለው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ለዚህ ነው በመጥፎ መስመር ላይ «ሰ» እና «ፈ» የሚምታቱት። ማይኩ በተከፈተ ቅጽበት ማዳመጫው ከመጀመሪያው መንገድ ወደ ሁለተኛው ይዘላል። ሙዚቃችሁ በድንገት የሚኮሰምነውም፣ አንድ ፕሮግራም ሳታውቁት ማይኩን ይዞ ሲቀር ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የስብሰባ ፕሮግራማችሁ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፤ ስፒከር የሚለው ላይ ማዳመጫውን፣ ማይክ የሚለው ላይ ግን የላፕቶፑን የራሱን ማይክ ምረጡ። ማዳመጫው በኤ2ዲፒ ይቀራል፤ እናንተም በጥራት ትሰማላችሁ፣ እነሱም እናንተን። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የላፕቶፕ ማይክ ከአብዛኛው የብሉቱዝ ማይክ ይሻላል፤ ይህን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ችግሩ የኪቦርዱን መቀጥቀጥና የፋኑን ጩኸት አብሮ መስማቱ ነው። ጫጫታ ባለበት ክፍል የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ይህ ዘዴ አይረዳችሁም፤ አፍ አጠገብ የሚደርስ ዘንግ ያለው፣ በገመድ ወይም በራሱ ዶንግል የሚሠራ ማዳመጫ ያስፈልጋችኋል።

ዶንግል ስል ከማዳመጫው ጋር የሚመጣውን፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካውን ትንሽ መቀበያ ማለቴ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ በራሱ መንገድ ስለሚሠራ የብሉቱዝ የጥሪ ገደብ አይነካውም። መዘግየቱም ትንሽ ነው። በተለመደው ብሉቱዝ ድምፁ 200 ሚሊሴኮንድ አካባቢ ሊዘገይ ይችላል። ፊልም ስታዩ ማጫወቻው ምስሉን አዘግይቶ ስለሚያስተካክለው አይታወቃችሁም፤ ጌም ላይ ግን ተኩሱ ከታየ በኋላ ነው የሚሰማው።

ዶንግሉ የራሱ አመል አለው። የዩኤስቢ 3 ቀዳዳና ገመድ ዳታ ሲያስተላልፉ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ያፈልቃሉ። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ሰነድ በዝርዝር ያስረዳው ጉዳይ ነው። ከዶንግሉ ጎን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ፋይል ስትገለብጡ ድምፁ የሚቆራረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዶንግሉን በሌላኛው ጎን ባለው ቀዳዳ ስኩት፤ ወይም በአንድ ሜትር የዩኤስቢ 2 ማራዘሚያ ከኮምፒውተሩ አርቁት። ገመድ አልባ ማውስ ሲንቀጠቀጥም መድኃኒቱ ያው ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፉ ነገሮችስ? ኤልዳክ የሚባለው ኮዴክ፣ ማለትም ድምፁን በብሉቱዝ ለመላክ የሚያምቀው ዘዴ፣ በሴኮንድ እስከ 990 ኪሎቢት ያስተላልፋል፤ እውነት ነው። ዊንዶውስ ግን በራሱ ኤልዳክ አይልክም፤ አይፎንም አይልክም። ኮምፒውተራችሁ የማያውቀውን ኮዴክ ብላችሁ ተጨማሪ መክፈል ላም አለኝ በሰማይ ነው። ብሉቱዝ 5.3 የሚለው ቁጥርም ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ አይነግራችሁም። ያንን የጥሪ ችግር ከሥሩ ለመፍታት የመጣው ኤልኢ ኦዲዮ የተባለው አዲሱ የብሉቱዝ የድምፅ መንገድ ነው፤ ኤልሲ3 በተባለ ኮዴክ የሚሠራ። እሱ እንዲሠራ ማዳመጫውም፣ የኮምፒውተሩ ብሉቱዝም፣ ሲስተሙም ሊደግፉት ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወደ ድሮው ትመለሳላችሁ።

ገመድ ይሻለኛል የምትሉ፣ መልካም አድርጋችኋል። ግን የጃኩን ጫፍ እዩት፤ ቀለበቶቹን ቁጠሩ። ሁለት ቀለበት ያለው ለመስማት ብቻ ነው፤ ሦስት ቀለበት ያለው ማይክም አለው። የአሁን ላፕቶፖች ሁለቱንም የሚይዝ አንድ ቀዳዳ አላቸው። ብዙ ዴስክቶፕ ላይ ግን የማዳመጫው አረንጓዴ ቀዳዳና የማይኩ ሮዝ ቀዳዳ ለየብቻ ናቸው፤ ባለ ሦስት ቀለበቱን አረንጓዴው ላይ ብትሰኩ እናንተ ትሰማላችሁ፣ እናንተን ግን የሚሰማ የለም። ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ይፈታዋል። በማዳመጫው ውስጥ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ድምፁ አብሮ ከጠፋ ምንጩ የኃይል መስመሩ ነው፤ ማዳመጫ ብትቀይሩም አይለቃችሁም።

ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ። ሻጮች የሚወዱት ቃል ኮር አይ7 የሚለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ነው። አይ7 ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። በ2019 የወጣው ኮር አይ7 10510ዩ አራት ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚካፈሉ አራት የፕሮሰሰር ክፍሎች፣ ነው ያለው። በ2022 የመጣው ኮር አይ5 1235ዩ አሥር ኮር አለው፤ ሁለት ብርቱ፣ ስምንት ቆጣቢ። ታናሹ አይ5 ትልቁን አይ7 ጥሎት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል ደግሞ አትለፉት፤ ዩ ከሆነ ለባትሪ የሚቆጥብ፣ ኤች ከሆነ ጉልበተኛና ፋኑ የሚጮህ ነው።

የሌላው ፕሮሰሰር ሠሪ የኤኤምዲ ስም ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ነው። የ7000 ተከታታይ የላፕቶፕ ራይዘኖች ላይ ሦስተኛውን አኃዝ ተመልከቱ። ራይዘን 5 7520ዩ ላይ 2 ነው፤ ይህም መጀመሪያ በ2019 የመጣው ዜን 2 የተባለ የፕሮሰሰር ትውልድ ማለት ነው። 7530ዩ ዜን 3 ነው፤ 7540ዩ ዜን 4። በስም አሥር አሥር ቁጥር ብቻ ነው የሚራራቁት፤ ውስጣቸው ግን በትውልድ ይለያያል። እኔ እንደ ማታለል ነው የምቆጥረው፤ ያም ሆኖ ቁጥሩን ማንበብ የቻለ አይታለልም።

ያገለገለ ለምትገዙ፣ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን በይፋ ለመጫን ደግሞ ከኢንቴል ቢያንስ ስምንተኛ ጄነሬሽን፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ ይጠየቃል። ከዚያ በታች ያለው ማሽን የግድ መጣል አለበት አልልም፤ ሊኑክስ ጭነው ለዓመታት የሚሠሩበት አሉ። ዋጋው ግን ይህን ያገናዘበ መሆን አለበት።

ራም ላይ አልከራከርም፤ 16 ጊጋ። በ8 ጊጋ ዊንዶውሱ፣ ብዙ ታብ የተከፈተበት ብራውዘርና የቪዲዮ ስብሰባ አንድ ላይ ሲሆኑ ቦታው ያልቃል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ከራም ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፤ ድምፁ የሚንተባተበውም አንዳንዴ በዚህ ነው። ማዳመጫውን የሚወቅሱት ግን ብዙ ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ አብራችሁ ተጫኑ፤ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ። ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ብዙ ማሽኖች ላይ እዚያ ይታያል። በቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነውና ኋላ እጨምራለሁ የሚባል ነገር የለም፤ የሞዴሉን ዝርዝር አንብባችሁ አረጋግጡ። የሚጨመር ከሆነ አንድ ባለ 16 ከማስገባት ሁለት ባለ 8 ይመረጣል። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለምስሉም የሚበደረው ከዚሁ ራም ስለሆነ በሁለት መስመር ሲሄድ ጌም ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ማከማቻ ላይ ባጭሩ፦ ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ መቀየር አሮጌ ማሽን ላይ ነፍስ መዝራት ነው። በሳታ የሚሠራው ኤስኤስዲ በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፤ ኤንቪኤምኢው 3,500 እና ከዚያ በላይ። ይሁንና ሰነድ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይታወቅም። ኤም.2 የሚባለው ማስገቢያ አንዳንዱ ሳታ ብቻ፣ አንዳንዱ ኤንቪኤምኢ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የገጠመ ሁሉ አይሠራም። ኢኤምኤምሲ የሚል፣ ማለትም ዘገምተኛ የማከማቻ ዓይነት፣ ካያችሁ እለፉት።

ስክሪን ግን ቀኑን ሙሉ የምታፈጡበት ነው። የብርሃኑ መጠን 250 ኒት የሚል በመስኮት አጠገብ ይደበዝዛል፤ ከ300 በላይ ፈልጉ። የፓነሉ ዓይነት ቲኤን ሳይሆን አይፒኤስ ይሁን። የቀለም ስፋቱ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ የተባለ ፓነል ለጽሑፍ ሥራ ይበቃል፤ ፎቶ የሚያርም ሰው ግን ቀዩን ደብዝዞ ስለሚያየው ሲያስተካክል ያበላሸዋል። ለእሱ ወደ 100 በመቶ ኤስአርጂቢ የሚጠጋ ነው የሚያስፈልገው።

ያገለገለ ማሽን ላይ ባትሪውን መመርመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ፤ ፓወር ሲኤፍጂ በአንድ ቃል፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ባተሪሪፖርት በአንድ ቃል፣ ኢንተር። የተፈጠረው ፋይል የት እንዳለ እዚያው ይነግራችኋል። ውስጡ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። 50,000 የነበረው አሁን 32,000 ከሆነ 64 በመቶ ቀርቶታል፤ የባትሪ መቀየሪያ ሒሳብ ከዋጋው ይቀነስ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ፣ ግቡ፤ ፓስወርድ ከጠየቀ ተዉት። ዊንዶውሱን ሪሴት አድርጋችሁ ከኢንተርኔት ጋር ስታገናኙት የማታውቁትን ድርጅት ስም ጠርቶ አካውንት አስገቡ ካለ ደግሞ ማሽኑ ገና በዚያ ድርጅት ቁጥጥር ሥር ነው።

ቅርጹ አንድ ዓይነት የሆነው ዩኤስቢ ሲ ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ቻርጅ ይቀበላል? ለስክሪን ምስል ያወጣል? ፍጥነቱስ? በዚያው ቅርጽ 480 ሜጋቢትም አለ፣ 40 ጊጋቢትም አለ።

ማዳመጫውን ለመጨረሻ የተውኩት በምክንያት ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው ክፍት ወይስ ዝግ የሚለው ነው። ጀርባው ክፍት የሆነው ድምፁ ይሰፋል፣ ጆሮን አያሞቅም፤ የምትሰሙትን ግን ጎረቤታችሁም ይሰማዋል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግሩም ነው፤ ከሰው ጋር ክፍል ለሚጋራ ዝጉ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ኖይዝ ካንስሊንግ የሚለውን ሰው ከማይኩ ጋር ያምታታዋል። እሱ የሚያገለግለው የእናንተን ጆሮ ነው። የሚያጠፋውም እንደ ፋንና ሞተር ያለውን ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነው፤ የሰው ወሬ ላይ ይደክማል። ከእናንተ በኩል ያለውን ጫጫታ ከስብሰባው የሚያጠፋው ሌላ ሥራ ነው፤ ማይኩ ወይም ፕሮግራሙ ነው የሚሠራው።

ሦስተኛ ኦም፤ ማዳመጫው ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው። ከ16 እስከ 32 ኦም ያለው ከላፕቶፕ ላይ በቀላሉ ይጮኻል። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በአንድ ስም በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል፤ በስህተት 250ውን የገዛ ሰው ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶም ላይበቃው ይችላል። የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ደግሞ 300 ኦም ነው። እነዚህ አምፕ፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላ ዕቃ፣ ይፈልጋሉ።

መነጽር የምታደርጉ፣ የመነጽሩ እጀታ በጆሮና በትራሱ መካከል ክፍተት ይፈጥራል። በዚያ ክፍተት ቤዙ ይወጣል፣ ጫጫታው ይገባል። ለስላሳና ወፍራም ትራስ ያለውን ሞክሩ፤ ትራሱ የሚቀየር መሆኑንም ጠይቁ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚላላጠው እሱ ነውና። ድምፁንም በልክ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ሦስት ዴሲቤል ስትጨምሩ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ደግሞ ይህን አድርጉ። ማዳመጫውን ሳታወልቁ ሁለት ሰዓት ሥሩበት፤ አናት ላይ የሚጫን ከሆነ ያኔ ይታወቃል። ከዚያ በኮምፒውተሩ የድምፅ መቅጃ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ አንዴ በማዳመጫው ማይክ፣ አንዴ በላፕቶፑ። ቅጂዎቹን በሌላ ማዳመጫ ስሟቸው፤ ስብሰባ ላይ ያሉት ሰዎች የሚሰሟችሁ እንደዚያ ነው።