ገደቡን አትንኩት

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የአማርኛው ቢቢኤስ፣ ማለትም ሰዎች ከየቤታቸው ገብተው መልእክት የሚጻጻፉበትና የሚጫወቱበት የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ሥራ በጀመረበት ምሽት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ «ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። ሰዓት የምትይዘው ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። በሀበሻ አሥር ደቂቃ መሆኑን እሷም ታውቃለች፤ ስለዚህ አንጣላም።

አስቀድሜ ላመስግን። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ በሚውልበት ዘመን፣ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ሥዕል የሌለው፣ ድምፅ የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ ጨዋታ ሠራችሁ። ያውም በአማርኛ። ሞክሬዋለሁ። የድሮውን ጨዋታ ድራጎን አውጥታችሁ ጅብ ማስገባታችሁ ደስ ብሎኛል። ጠጅ ቤቷንም ወድጃታለሁ። አሳላፊዋ ግን አፏ ትንሽ ከፋ፤ እሱን እዩት።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ ጋር በሞደም፣ ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር በሚያያይዘው ዕቃ፣ ያረጁ ሰዎች አሉ። ለእነሱ የምነግራቸው አዲስ ነገር የለም። ለልጆቹ ግን ባጭሩ ልናገር።

በፈረንጆች ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በእሱ ነው የምናገረው) ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1978 ቺካጎ ውስጥ ዋርድ ክሪስተንሰን እና ራንዲ ሱስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሲቢቢኤስ የተባለውን ቢቢኤስ ከፈቱ። ሥራውን የጀመሩት ከተማዋ በበረዶ ተዘግታ፣ ከቤት መውጣት ባቃታቸው ጊዜ ነው። ሐሳባቸው ቀላል ነው። ግድግዳ ላይ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ኮምፒውተር ማምጣት። ኮምፒውተሩ ከስልክ መስመር ጋር ይያያዛል። የፈለገ ሰው በሞደም ይደውላል፣ መልእክት ያነባል፣ የራሱን ይጽፋል፣ ይዘጋል። አንድ መስመር፣ አንድ ሰው። ሌላው በዚያች ሰዓት ቢደውል መስመሩ ተይዟል።

በ1989 ደግሞ ሴዝ ሮቢንሰን የሚባል ልጅ ለራሱ ቢቢኤስ «ሌጀንድ ኦፍ ዘ ሬድ ድራጎን»ን ጻፈ። እኛ ሎርድ ነው የምንለው። ጫካ ትገባለህ። አውሬ ትገጥማለህ። ወርቅና ልምድ ትሰበስባለህ። አሠልጣኝህን ካሸነፍክ ደረጃ ትወጣለህ። 12ኛው ላይ ስትደርስ ቀዩን ድራጎን ፍለጋ ትሄዳለህ። የጫካው ውጊያ ግን በቀን የተቆጠረ ነው። ሲያልቅ አለቀ፤ ነገ ና! ቁጥሩን የሚወስነው ሲስኦፑ፣ ማለትም የቢቢኤሱ ባለቤት ነው። እኔ ቤት 15 ነበር።

ይህን 15 ቁጥር ያዙልኝ። ዛሬ የመጣሁት ለእሱ፣ ለዚህ የቀን ገደብ ነው።

በ90ዎቹ መጀመሪያ አርሊንግተን፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነበር የምኖረው። አልጋዬ ሥር አንድ 386 ኮምፒውተርና አንድ ሞደም ነበሩ። ያኔ አሜሪካ ውስጥ የአካባቢ ጥሪ ባብዛኛው በወር አንዴ በሚከፈል ሂሳብ ያልቅ ስለነበር፣ ሰው እንደልቡ ይደውል ነበር። ከዲሲም፣ ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከሰሜን ቨርጂኒያም እርስ በርስ መደወል የአካባቢ ጥሪ ነበር። ስለዚህ ደዋይ በሽ ነው። አብዛኞቹ ፈረንጆች ናቸው፤ የኛም ልጆች ግን ነበሩ። አዲስ አበባ ያሉት አክስቴ ስንት ብር ከፍለው ሲደውሉ የሚመልስላቸው የሞደሙ ጩኸት ነበር። «የልጁ ስልክ ታሟል» ብለው ለዘመድ ሁሉ አወሩ።

ከኛ ልጆች መሀል ሦስቱን ላንሳ። አንዱ ባለታክሲ ነው። አንዱ ፓርኪንግ የሚሠራ ነው። አንዷ ነርስነት የምትማር ልጅ ናት። በቅጽል ስም እንጂ በመልክ አይተዋወቁም።

ሎርድ ላይ ዘግተህ ስትወጣ ሰውህ አይጠፋም። ይተኛል። ገንዘብ ካለህ ማደሪያው ቤት ክፍል ትከራያለህ። ከሌለህ ሜዳ ላይ ታድራለህ። ሜዳ ላይ የተኛን ሌላው ተጫዋች መጥቶ ይገድለዋል፣ በእጁ ያለውን ወርቅም ይወስዳል። ማደሪያ ውስጥ ያለውን ለመግደል ደግሞ አሳላፊውን በጉቦ መያዝ ነው። ባለታክሲያችን ወርቁን ባንክ ማስገባት ሞት ነበር የሚመስለው። ኪሱ ሞልቶ ሜዳ ላይ ይተኛል። የፓርኪንጉ ልጅ ደግሞ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር እሱን መግደል ነው። ጫማውን ሳያወልቅ! በማግስቱ የዕለቱ ወሬ የሚለው ገጽ ላይ «እገሌ እገሌን ገደለ» ተብሎ ይወጣል። ባለታክሲው ያነባል፣ ይናደዳል፣ ተነስቶ እንደገና ሜዳ ላይ ይተኛል። አንድ ሌሊት ልጅቷ አሳላፊውን ከፍላ ሁለቱንም ጨረሰቻቸው። የዚያን ቀን የመልእክት ሰሌዳዬ ላይ የተጻፈውን ስድብ እዚህ አልደግመውም። በላቲን ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ስድብ ነው፤ ለማንበብም ላብ ያስወጣል።

አንድ እሑድ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ካለ የሀበሻ ምግብ ቤት ሦስቱን አገናኘኋቸው። ባለታክሲው ገና ሳይቀመጥ «ተኝቼ የምትገድለኝ አንተ ነህ?» አለ። የፓርኪንጉ ልጅ «ወርቅ በኪስህ ይዘህ ሜዳ ላይ ተኛ ማን አለህ?» አለው። ልጅቷ እንጀራዋን እየቆረሰች «እኔ ግን ከፍዬ ነው ያስገደልኳችሁ» አለች። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ማማተብ ጀመሩ። «ኧረ በእመቤቴ! እዚህ አገር ደግሞ ሰው እንዲህ በግልጽ ያወራል እንዴ?» ጨዋታ ነው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ስለ ሞደሙ ማብራራት ስጀምር ይባስ ብሎ አስተናጋጁን ጠሩት። ባለታክሲው በመጨረሻ የእሳቸውንም ሂሳብ ከፈለ፤ እንግዲህ ወርቁን ባንክ ካላስገባ ምን ያድርገው።

ሰዓት የያዝሽው ልጅ፣ አይቼሻለሁ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለሳቅ ብቻ አይደለም። እነዚህ ሰዎች በምን ተዋወቁ? በውጊያው አይደለም። ውጊያው አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔ ለአንድ ደዋይ በቀን 45 ደቂቃ እሰጥ ነበር። ውጊያው ካለቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይተርፋል። ሰው መስመሩን ማግኘት ስንት ሰዓት ስለፈጀበት ዝም ብሎ አይዘጋም። ወደ መልእክት ሰሌዳው ይሄዳል። እዚያ ይሳደባል፣ ይቀልዳል፣ ክፍል የሚከራይ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ልጅቷ ፈተና የነበረባት ሳምንት የፓርኪንጉ ልጅ «እስከ ዓርብ ሜዳ ላይ ተኚ፣ ማንም አይነካሽም» ብሎ ጻፈላት። ማንም አልነካትም። ፈረንጆቹም ጭምር! ጫካው ማለቂያ ባይኖረው ኖሮ ያቺ መልእክት አትጻፍም ነበር። ሁሉም ጫካ ውስጥ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቧል አሉ። እኔ አልነበርኩም፤ ወሬ ግን ይደርሰኛል። ሐሳቡ ይህ ነው። «ዛሬ የስልክ መስመር የለም፣ በኢንተርኔት መቶ ሰው ባንዴ ይገባል፣ ስለዚህ የቀን ገደቡ ትርጉም የለውም። እናንሳው። ካላነሳነው ደግሞ ተጨማሪ ውጊያ በሁለት ዶላር እንሽጥ፣ የሰርቨሩን (ቢቢኤሱ የሚሠራበትን ኮምፒውተር) ማስቀመጫ ኪራይ ይችላል።»

አይሆንም!

ገደቡ የመጣው በመስመሩ ምክንያት መሆኑን አልክድም። አንዱ ቀኑን ሙሉ ከያዘው ሌላው አይገባም። የቢቢኤሱ አሠራርም ከዚያው የመጣ ነው። ቢቢኤሱ ጨዋታውን ሲከፍት ዶር.ሲስ የምትባል ትንሽ ፋይል ጽፎ ያቀብለዋል። ደዋዩ ማን ነው፣ ስክሪኑ ምን ያሳያል፣ ስንት ደቂቃ ቀረው፣ ሁሉም እሷ ላይ አለ። ጨዋታው እሷን አንብቦ ሰውዬውን ይቀበላል፣ ሲጨርስ ለቢቢኤሱ ይመልሰዋል። የቀረው ደቂቃ ከስሙ እኩል ነው የሚጻፈው። እናንተም ስትሠሩ ያንኑ ፋይል ተጠቅማችኋል፤ ጎበዞች።

ግን ገደቡ ሌላም ሥራ ነበረው። እዚህ የተቀመጥነውን ተመልከቱ። ስንቶቻችን ነን ሁለት ሥራ የሠራን? ስንቶቻችን ነን ሌሊት ገብተን ጧት የወጣን? የፓርኪንጉ ልጅ ለጨዋታ ያለው ጊዜ ከመተኛቱ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት። ቀኑን ሙሉ ቤቱ የሚውል ተማሪም ነበር። ሁለቱም 15 ውጊያ አላቸው። ደረጃቸው ተቀራርቦ ነው የሚሄደው። ገደቡን አንሱትና በሁለተኛው ሳምንት ሥራ የሌለው ሁሉ 12ኛ ደረጃ ላይ ቁጭ ይላል። ሠራተኛው ሜዳ ላይ የሚታረድ በግ ይሆናል። በሁለት ዶላር ሽጡትና ደግሞ ብር ያለው ያርዳችኋል። ይህን የሚያደርጉ ጨዋታዎች ስልካችሁ ላይ ሞልተዋል! ለዚያ ለዚያማ ለምን ደከማችሁ?

«ያኔም የሚከፍሉ ነበሩ» የሚለኝ አለ። ልክ ነው፤ ለከፈለ ወይም ፋይል ለሰጠ ደዋይ ረዘም ያለ ደቂቃ የሚሰጡ ቢቢኤሶች ነበሩ። ደቂቃ ነው እንጂ ውጊያ አይደለም። ሎርድ ራሱም ቢሆን ገንዘብ የሚጠይቀው ሲስኦፑን ነበር። እሱም አንዴ ይከፍላል፣ ያስመዘግባል፣ አለቀ። ደዋዩ ሳንቲም አያወጣም።

ቡና እንኳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ያበቃል። አራተኛ ስኒ የሸጠ ባለቤት አይቼ አላውቅም። እንግዶቹ ግን ከበረካው በኋላም ቁጭ ብለው ነው የሚያወሩት።

በግልጽ ልናገር። እዚያ ጥግ ላይ የምታዩት ሰርቨር የኔ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሰጠሁት። ውጊያ የምትሸጡ ከሆነ ዛሬውኑ ነቅላችሁ መኪናዬ ላይ ጫኑልኝ። ኪራዩ ካስቸገረ እዚህ ያለን ሽማግሌዎች በወር እናዋጣለን። አይደለም እንዴ? እናዋጣለን! እሺ፣ ጭብጨባውን ለመዋጮው ቀን አቆዩልኝ።

የቀረኝ ጥቃቅን ነገር ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልበል።

ምርጫዎቹን በፊደል አታድርጉ። በሎርድ አንዲት ቁልፍ ስትነካ ነበር የምትመታው። እናንተ «ም» ለመምታት፣ «ሽ» ለመሸሽ ብላችኋል። በአማርኛ ኪቦርድ «ም»ን ስትጽፍ ኪቦርዱ አናባቢ ይከተል ይሆን ብሎ ይጠብቃል፤ እስከዚያ ጅቡ ይበላሃል። ቁጥር አድርጉት።

ስክሪኑ ላይ ያሉት ሣጥኖቻችሁ ተዛንፈዋል። የድሮው ስክሪን በመስመር 80 ፊደል ነው፣ ሁሉም እኩል ስፋት ያለው። ያኔ የነበሩት 256 ምልክቶች ውስጥ ግእዝ አልነበረም፤ ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዛሬ አለ፣ ግን «ጨ» እና «ጠ» በላቲን ፊደል ልክ በተሠራ ቦታ አይበቃቸውም፣ ጎረቤታቸውን ይገፋሉ። ጠርዙን በመስመር ከመዝጋት ክፍት ተዉት።

ሎርድንም አብራችሁ ልታስነሱ አስባችኋል አሉ። በዶስ፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ባለ64 ቢት ዊንዶውስ አያስኬደውም። ዶስን አስመስሎ በሚያሠራው ዶስቦክስ ውስጥ አስገቡት። ባካፕ በየሌሊቱ። ይህንን አልደግመውም።

የመጨረሻው የቀኑ መታደሻ፣ ውጊያው እንደ አዲስ የሚቆጠርበት ሰዓት ነው። አሁን በዲሲ እኩለ ሌሊት አድርጋችሁታል። ተጫዋቾቻችሁ ግን አዲስ አበባም፣ ዱባይም፣ ቴል አቪቭም አሉ። በኛ ቆጠራ ቀን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። በአዲስ አበባ ከጧቱ 12 ሰዓት ይታደስ እላለሁ። እዚህ በፈረንጅ ሰዓት በሰመር ከምሽቱ 11፣ በዊንተር ከምሽቱ 10 ይሆናል፤ ሰዓት የምናዞረው እኛ እንጂ አዲስ አበባ አይደለችም። የኛ ሰውም ሳይተኛ ይደርስበታል።

በዚህ ላይ ድምፅ እንስጥ። የምትደግፉ እጅ አውጡ። የሚቃወም ካለ ማይኩ እዚህ አለ፤ ይምጣና ይናገር።