የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «ብሩስ?» ለሚል አለቃ

ጥያቄ፦ ከሳሪስ ነው የምደውለው። ሳሙና አከፋፋይ ዘንድ በሴልስነት ከተቀጠርኩ አንድ ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት 120 ካርቶን ለሱቆች አስገብቼ ደስ ብሎኝ ስመለስ አለቃዬ «ብሩስ?» አለኝ። ግማሹ ዱቤ ነው። ቀኑን ሙሉ ስሮጥ እውላለሁ፤ ሰውዬው ግን አንድ ቀን እንኳ «ጎሽ» አላለኝም። እንዴት ላሳምነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውዬው ኮስታራ ቢሆንም ጥያቄው ልክ ነው። በዱቤ የወጣ ካርቶን ብሩ እስኪገባ ድረስ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተሸጠም። እኔም ጀማሪ እያለሁ ሱቁን ሁሉ አጨናንቄ «ሸጥኩ» እል ነበር። በወሩ ግማሹ አቧራ ለብሶ ተመለሰልኝ።

ደብተር ያዝ። ሱቅ እንደገባህ «ስንት ልጻፍልዎት?» አትበል። መጀመሪያ መደርደሪያውን እይ። ባለፈው ካስገባኸው ስንት ቀረ? ከጎኑ የማን ሳሙና አለ? በስንት ይሸጣል? ጻፈው። ባለሱቁ ዕቁብ የሚጥልበትንም ቀን ጻፍ። በዚያ ቀን ብር ልሰብስብ ብትል ጭቅጭቅ ነው የምታተርፈው። በማለዳም አትሂድ፤ «ገና አላሟሸሁም» ብለው ይመልሱሃል። አስር ሰዓት ገደማ ብቅ በል። መሳቢያው ሞላ ብሎ ይጠብቅሃል፤ ሻይም አይጠፋም።

ቅዳሜ ደብተሩን ለአለቃህ ዘርጋለት። ያስገባሁት ይሄ፣ የሰበሰብኩት ይሄ፣ ደግመው ያዘዙኝ እነዚህ በለው። እሱን የሚያሳምነው እንደገና ያዘዘው ባለሱቅ ነው። «ጎሽ» ግን አትጠብቅ፤ የአንዳንዱ አለቃ ምስጋና ሰፋ ያለ የሽያጭ መስመር፣ ማለትም ብዙ ሱቅ ያለበት አካባቢ መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ የሙከራ ጊዜህ ሦስት ወር ነው ብሎኛል፤ በቃል።

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራህ ወደ አስር ሳምንት ነው። ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ሳትጣላ፣ ወረቀቱን ጠይቅ።

ጥያቄ (ከሌላ አድማጭ)፦ እኔም ሴልስ ነኝ። አንድ ባለሱቅ የ18 ሺህ ብር ዱቤ ይዞ ጠፋ። አለቃዬ ሙሉውን ከደሞዜ ሊቆርጥ ነው። ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንደፈለገ አይቆርጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የአንቺ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ በወር ከደሞዝሽ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። አንድ ሦስተኛው ሲሰላ ኮሚሽን በአዋጁ ደሞዝ ውስጥ እንደማይቆጠርም እወቂ። አሁን ዋናው ነገር ዱቤውን ማን ፈቀደ የሚለው ነው። አለቃሽ ከፈቀደ ፊርማው ያለበትን ደረሰኝ ፈልጊ። እስከዚያ ግን «ዝም ብለሽ ፈርሚ» የሚሉሽን ወረቀት እንዳትፈርሚ።