ብረት ሲጨመቅ ምን ይሆናል? በግፊት ቅርጻቸው የሚለወጥ ሱፐርኮንዳክተሮች

[ምስል፦ ባዶ ጥቁር ስክሪን፣ መሃሉ ላይ አንድ የብረት ቁራጭ]

ለረጅም ጊዜ ሱፐርኮንዳክተር የሚፈልግ ሰው ብረትን ከሩቅ ይሸሸው ነበር። ምክንያትም አለው። ሱፐርኮንዳክተር በደንብ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፋል። ለዚህ ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። ማግኔት ደግሞ ጥንድ ይበትናል። ብረት ደግሞ ያው ማግኔት ነው።

በ2008 ግን የሂዴዮ ሆሶኖ ቡድን ቶኪዮ ላይ ይህን ሐሳብ ገለበጠው። ላንታነም፣ ብረት፣ አርሴኒክና ኦክስጅን ያሉበት ውህድ ወሰዱ። ጥቂት ፍሎሪን ጨመሩበት። በ26 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 247 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። በዚያው ዓመት ይኸው ውህድ በ4 ጊጋፓስካል ገደማ ሲጨመቅ 26ቱ ወደ 43 ኬልቪን ዘለለ። በቃ፣ መጭመቅ ብቻ!

[ምስል፦ ጫፍ ለጫፍ የተገጣጠሙ ሁለት አልማዞች]

1 ጊጋፓስካል ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ወደ 10,000 እጥፍ ነው። በውቅያኖስ ጥልቁ ወለል ላይ ያለው ግፊት እንኳ የዚህ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ግፊት ከየት እናመጣለን? ከሁለት አልማዞች። ጫፋቸው ትንሽ ስለሆነ መጠነኛ ጉልበት ትልቅ ግፊት ይሆናል። በመሃላቸው ቀዳዳ ያለው ስስ የብረታ ብረት ሳህን ይገባል፤ ናሙናው ቀዳዳው ውስጥ ይቀመጣል። ከጎኑ የሩቢ ፍንጣሪ ያደርጋሉ። ሩቢው ሌዘር ሲያርፍበት ቀይ ያበራል፣ ግፊቱ ሲጨምር የብርሃኑ ቀለም በጥቂቱ ይሸሻል። የግፊት መለኪያው እሱ ነው። እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ይቺ የሩቢ ብልሃት ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንድ ውህድ እንምረጥ፦ ካልሲየም፣ ሁለት ብረት፣ ሁለት አርሴኒክ።

[ምስል፦ ፎቅ በፎቅ የተደረደሩ አቶሞች]

ክሪስታሉ እንደ ፎቅ ነው። በአንዱ ፎቅ ላይ የብረት አቶሞች በካሬ መረብ ተሰድረዋል፤ አርሴኒኮቹ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች እያሉ ያጅቧቸዋል። ቀጥሎ የካልሲየም ድርድር፣ ከዚያ እንደገና ብረት። ያለ ግፊት ስናቀዘቅዘው 170 ኬልቪን አካባቢ ካሬው በትንሹ ይንሻፈፍና አራት ማዕዘኑ ይረዝማል። በዚያው ቅጽበት የብረቶቹ ትንንሽ ማግኔቶች ሥርዓት ይይዛሉ። ቅርጹና ማግኔቱ አብረው ነው የሚለወጡት።

አሁን እንጫነው። ብዙ አይደለም፤ 0.35 ጊጋፓስካል ይበቃል። ስናቀዘቅዘው ካሬው ካሬ እንደሆነ ይቀራል፣ ፎቁ ግን ይደረመሳል! የክሪስታሉ ቁመት በ10 በመቶ ገደማ ያጥራል። ወርዱ በተቃራኒው ትንሽ ይሰፋል። ለጠጣር ነገር ይህ ጉድ ነው።

ምን ተፈጠረ? ከላይኛው ፎቅ ወደ ታች፣ ከታችኛው ወደ ላይ የሚተያዩ አርሴኒኮች አሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በቂ ሲጠብብ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ የኬሚካል ትስስር ይፈጥራሉ። አንዴ ከተያያዙ ፎቆቹን ስበው ያወርዷቸዋል። የብረቱ ማግኔትነትም ይጠፋል።

በዚህ ጊዜ ማንም ሰው «ማግኔቱ ከሄደ ሱፐርኮንዳክተሩ መጣ ማለት ነው» ቢል አይፈረድበትም። በእርግጥም በ2008 የተጨመቀው ክሪስታል ወደ 12 ኬልቪን አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር መሆኑ ታየ። ደስ ይላል። ችግሩ ግን ናሙናውን ከቦ ግፊቱን የሚያስተላልፈው ፈሳሽ ላይ ነበር። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ክሪስታሉ ድንገት ሲደረመስ የጠጠረው ነገር አብሮት አይሄድም፤ በአንድ ጎን ይጫነዋል፣ በሌላው ይለቀዋል። ስለዚህ ክሪስታሉ ውስጥ የተደረመሰና ያልተደረመሰ ክፍል ተቀላቅሎ ይቀራል።

በፈሳሹ ፈንታ ሄሊየም ሲጠቀሙ፣ እሱ ሲጠጥር እንኳ ለስላሳ ስለሆነ፣ ግፊቱ ከየአቅጣጫው እኩል ሆነ። ክሪስታሉም ሙሉ በሙሉ ተደረመሰ። ሱፐርኮንዳክተሩስ? የለም። ጠፋ።

[ምስል፦ ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን፣ አንዱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ሌላው ሳይወርድ]

ብዙዎች የሚስማሙበት ማብራሪያ ይሄ ነው፦ ሥርዓት የያዘ ማግኔት ሱፐርኮንዳክተሩን ያፍነዋል፣ ጭራሽ የሞተ ማግኔት ደግሞ አይጠቅመውም። ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምረው ሥርዓት ሊይዝ ሲል ሳይሳካለት የሚንቀጠቀጥ ማግኔት ሳይሆን አይቀርም። በመደርመስ ያ መንቀጥቀጥም ይጠፋል።

የብረትና ሴሊኒየም ውህድም መጠኑ ሲያልፍ ይበላሻል። ያለ ግፊት በ8 ኬልቪን ገደማ ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ በ9 ጊጋፓስካል አካባቢ ወደ 37 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ሲጫኑት አቶሞቹ ፎቃቸውን ትተው ባለ ስድስት ጎን አሰላለፍ ይይዛሉ። ያ አሰላለፍ ሱፐርኮንዳክተር አይደለም።

[ምስል፦ የመጀመሪያው የብረት ቁራጭ ተመልሶ ይመጣል]

መጀመሪያ ላይ ብረትን ይሸሹት ነበር ብያለሁ አይደል? ምንም ያልተቀላቀለበትን ንጹህ ብረት ከ15 ጊጋፓስካል በላይ ብትጨምቁት የአቶሞቹ አደራደር ይለወጣል፣ የታወቀው ማግኔትነቱም ይለቀዋል። ከዚያ ከ2 ኬልቪን በታች ስታቀዘቅዙት ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ያሳዩት በ2001 ነው፣ ከሆሶኖ ግኝት ሰባት ዓመት ቀድመው።